ስለ ሕመም፣ ስለ ማስታመምና ስለ ሐዘን በራሳችሁ ወጪ የምታሳትሙ የጎንደር ጸሐፊዎች፦ ረቂቁ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት

አርታኢ ዘማራኪ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህ የውይይት ክር እዚሁ ጎንደር ሆናችሁ ስለ ሕመም፣ ስለ ማስታመም፣ ስለ ሐዘንና ስለ መዳን ለምትጽፉና በራሳችሁ ገንዘብ ለምታሳትሙ ነው። ልብ ወለድም ይሁን ማስታወሻ ወይም ግጥም፣ ሸክሙ አንድ ነው። አሳታሚ ድርጅት ከኋላችሁ ስለሌለ ሕክምናውን የሚያጣራ፣ የሰው ገመና እንዳይወጣ የሚጠብቅ፣ ገጹን የሚቆጥር ሌላ ሰው የለም። ሁላችሁም የምታውቁትን አምጡና አንድ ቦታ ይቀመጥ።

እኔ ከጽሑፉ ልጀምር። በእንዲህ ዓይነት ረቂቆች ላይ ስሜቱ ይሞላል፣ ሥራው ግን ይጠፋል። «ልጅቱ እናቷን ሦስት ዓመት ሙሉ በታላቅ ፍቅርና ትዕግሥት አስታመመቻት» ይባላል። አንባቢ ልጅቱን ይመርቃት ይሆናል እንጂ ምን እንዳደረገች አያይም። ማስታመም በእጅ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ሰዓት አለው፣ ዕቃ አለው፣ ሽታ አለው፣ ወገብ ይሰብራል። ስለዚህ ያንን ዓረፍተ ነገር አውጥታችሁ አንድ ሌሊት ብቻ ጻፉ፦

«ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። አንድ እጇን ከእናቷ ትከሻ፣ ሌላውን ከዳሌዋ ሥር አስገብታ ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጋ አዞረቻት። ከጀርባዋ ሥር የተጨማደደውን አንሶላ ሳብ አድርጋ አቃናች። ከመቀመጫዋ ከፍ ብሎ የቀላ ቦታ አየች። በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው።»

እዚህ ውስጥ «ፍቅር» የሚል ቃል የለም። አያስፈልግምም። ሦስቱ ዓመታት ግን አሉ፤ ምክንያቱም ይህን ያደረገችው ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳልሆነ ከእጇ ይታወቃል።

ሆስፒታል ውስጥ ስትጽፉም እንዲሁ ነው። አስታማሚ የሚኖርበት ዓለም የራሱ ዕቃና ሰዓት አለው። ሐኪሞች ጧት ራውንድ (የበሽተኞች ጉብኝት) ሲገቡ አስታማሚ ይወጣል፤ ኮሪደር ላይ ቆሞ በሩን ያያል። ማታ ከአልጋው ሥር ፍራሽ ወይም ካርቶን ይዘረጋል። ፔርሙዝ አለ፣ ውኃ የተሞላ ቢጫ ጀሪካን አለ፣ የመድኃኒት ማዘዣ የታጠፈበት ኪስ አለ። ሆስፒታሉ የሌለውን መድኃኒት ፍለጋ ከተማ መውጣት አለ፤ ሲወጡ በሽተኛውን ለጎረቤት አልጋ አስታማሚ አደራ ማለት አለ። ይህ የመጨረሻው እጅግ ብዙ ይናገራል፤ ትናንት የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ዛሬ አንዱ የሌላውን እናት ውኃ ያጠጣል። ረቂቆች ላይ ግን ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው።

ሕክምናውን፣ ጠበሉን፣ ሕጉንና ኅትመቱን የምታውቁ ግቡበት።

የጠዳ ነርስ

አርታኢ፣ ምሳሌህ ጥሩ ነው፤ ሁለት ነገር ግን ይስተካከል። አንደኛ፣ አስታማሚ ብቻዋን ስትሆን በሽተኛን ወደ ራሷ ብታዞር ይሻላል። ገፍታ ካዞረች በሽተኛዋ በፊቷ ልትደፋ ትችላለች፤ በዚያ በኩል ግድግዳ ባይኖር ደግሞ ትወድቃለች። አንሶላም ከሥሯ አይጎተትም፤ መጎተት ቆዳ ይልጣል። ሁለተኛው ይበልጣል። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት ብዙ ጊዜ አይታይም። የአልጋ ቁስል ሲጀምር ቦታው ከአካባቢው ጠቆር ይላል፣ በእጅ ጀርባ ሲነካ ይሞቃል፣ ወይ ይጠጥራል ወይ ይለሰልሳል። «ቀላ» የሚለው ከውጭ አገር የሕክምና መጽሐፍ ሲቀዳ የመጣ ነው። አንባቢያችሁ ነገ ቤቱ ያለች እናቱን መቅላት ብቻ ፈልጎ ቢያይ ቁስሉ ያመልጠዋል። በየ2 ሰዓቱ ማዞር፣ ከጉልበትና ከጉልበት መሐል ጨርቅ ማድረግ፣ ተረከዝ ፍራሽ እንዳይነካ ከባት ሥር ማንተራስ፣ የኋላ ጭንቅላትን፣ ክርንን፣ ወገብ ታችንና ዳሌን ማየት፤ ትክክለኛው ይህ ነው።

በልብ ወለድ ውስጥ ያለ ስሕተት ልብ ወለድ ሆኖ አይቀርም። ሰው ከመጽሐፍ ይማራል፣ በተለይ የሚወደው ሰው የታመመበት። ደጋግመው የሚታዩትን ልጥቀስ።

የሳንባ ነቀርሳ። ገጸ ባሕርዩ ሁለት ወር መድኃኒት ወስዶ ሳሉ ሲተወው «ዳነ» ተብሎ ምዕራፉ ይዘጋል። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር ሁለት ዓይነት። ሳሉ ቀድሞ መተዉ ነው አደጋው፤ ሰው የሚያቋርጠው ያኔ ነው፣ ተሕዋሲያኑም መድኃኒቱን የሚለምደው በዚህ ነው። ለጸሐፊ የሚሆን ነገር ብትፈልጉ ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል። የማያውቅ በሽተኛ ደም መስሎት ይደነግጣል። ይህች አንድ ትዕይንት ትወጣታለች።

ካላዛር። የእኛ አካባቢ ጸሐፊ ይህን ሊያውቅ ግድ ነው፤ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ሑመራ ቆላ የሚወርዱ ወጣቶች ሕመም ነውና። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው፤ በዋልካ መሬት ስንጥቅ፣ በምስጥ ኩይሳና በግራር ሥር ይውላል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ክሳት፣ በግራ ጎን የሚዳሰስ ያበጠ ጣፊያ። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኙ ሲታወቅ ቀደም ብሎ የታመሙት መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብለው ሲታከሙ ቆይተው ነበር። ስለዚህ በታሪካችሁ ውስጥ የመጀመሪያው ጤና ጣቢያ «ወባ ነው» ቢል ከእውነት አትርቁም። ሕክምናው ግን አንድ መርፌ ተወግቶ መነሣት አይደለም፤ የተለመደው የሁለት መድኃኒት መርፌ 17 ቀን በየቀኑ ይወጋል። ኤች አይ ቪም አብሮ ካለ መድኃኒቱ ይለያል።

ካንሰር። የኬሞ መድኃኒት በተሰጠ ማግሥት ፀጉሯ በእጇ ላይ ቀረ ተብሎ ይጻፋል። ፀጉር የሚያረግፈው ሁሉም የኬሞ ዓይነት አይደለም፤ የሚያረግፈውም ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ነው። ሞርፊንን የሞት ደወል አድርጎ መጻፍም ይቅር። በሽሮፕ መልክ በየ4 ሰዓቱ የሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ሆድ ስለሚያደርቅ የሆድ ማለስለሻ አብሮ ይሰጣል። በመጽሐፍ የተነሣ «ሞርፊን ከተጀመረማ አለቀላት» ብሎ የሚከለክል ቤተሰብ ካለ በሽተኛዋ በሕመም ትሠቃያለች።

ስትሮክ። ሽባ የሆነ አባትን በጀርባው አስተኝቶ አጥሚት በማንኪያ ማጉረስ በየረቂቁ አለ፣ እንደ ደግ ሥራ። ምግቡ ወደ ሳንባ ይገባል፣ የሳንባ ምች ያመጣል። ቀና ተደርጎ ይቀመጣል፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ይላል፣ በትንሽ በትንሹ ይጎርሳል፣ ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኛ ይቆያል። ሲውጥ የሚያስለው ወይም ድምፁ እንደ ውኃ የሚንቦጫረቅ ከሆነ ይቆማል።

ኢንሱሊን። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ፍሪዘር ውስጥ ገብቶ በረዶ ከሆነ ተበላሸ፤ ቢቀልጥም አይመለስም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት በእርጥብ አሸዋ ውስጥ የተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ሙቀቱን ይቀንሳል። ገጠር ላይ የሚሆን ታሪክ ከሆነ ይህን ጻፉት፤ አሸዋውን በየቀኑ ውኃ የምታጠጣዋ ልጅ ብቻዋን አንድ ገጸ ባሕርይ ናት።

ሰዓት። «በየ8 ሰዓቱ» በእኛ አቆጣጠር ለምሳሌ ጧት 1፣ ቀን 9፣ ማታ 5 ነው። ማሸጊያው ላይ በፈረንጅ ሰዓት 8 ተብሎ የተጻፈውን ጸሐፊው «8 ሰዓት» ብሎ ካሰፈረው መድኃኒቱ በ6 ሰዓት ተዛነፈ።

ጀማሪ ብዕር

እግዚአብሔር ይስጥልን እህቴ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። የመድኃኒት ስምና መጠን ልብ ወለድ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም? ራስን ስለ ማጥፋት የሚናገር ምዕራፍ ላለውስ?

የጠዳ ነርስ

ስም ይግባ፣ መጠን አይግባ። ስሙ ታሪኩን እውነተኛ ያደርገዋል። ሚሊግራሙ ግን ለገጸ ባሕርዩ ክብደትና ዕድሜ ነው የታዘዘው፤ አንባቢው ለራሱ ይወስደዋል። አንድ ልዩነት አለ፤ በቤት የሚዘጋጅ የተቅማጥ ፈሳሽ ከጻፋችሁ መጠኑ በትክክል ይጻፍ። 1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ጨው፤ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ጨው ከበዛ ሕፃኑን ይጎዳል፤ «ቆንጠር» ተብሎ በግምት አይታለፍም።

ሁለተኛው ጥያቄህ ከባድ ነው። ራስን ስለ ማጥፋት ስትጽፍ በምን እንደሆነ፣ ስንት እንደወሰደ፣ ቦታውን፣ የመጨረሻ ደብዳቤውን ዘርዝረህ አትጻፍ። እንደ መፍትሔ ወይም እንደ ጀግንነት አታሳየው፤ በአንድ ምክንያትም አትደምድመው። ከሞቱ በፊት የነበሩትን ወራትና ከሞቱ በኋላ የቤቱን ሁኔታ ጻፍ። ጽሑፍም እዚያ ላይ ነው የሚበረታው።

ደጀ ሰላም ቁስቋም

ስለ ጠበል ትንሽ ልበል። በረቂቆች ላይ ጠበል ከሁለት አንዱን ይሆናል፤ ወይ አንድ ጠብታ ተረጭቶ ሽባ ይሮጣል፣ ወይ ደግሞ አላዋቂ ቤተሰብ በሽተኛ የሚገድልበት ቦታ ይሆናል። ጠበል ቦታ ሰንብቶ የሚያውቅ ሰው ሁለቱንም አያምናቸውም።

ጠበልተኛ ብዙ ጊዜ ሱባኤ ይይዛል፤ 7፣ 14 ወይም 21 ቀን። ከመጠመቁ በፊት እህል አይቀምስም፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ይጠመቃል፣ ይጠጣል። ጧት ብርድ አለ፤ ወረፋ አለ፤ በሰንሰለት የሚመጣ የአእምሮ ሕመምተኛ አለ፤ እሱን ይዛ የምትመጣ፣ ከእሱ እኩል የምትጾም እናት አለች። እሷን ጻፏት። በሽተኛው ባይድን እንኳ እዚያ የሰነበተችባቸው ቀናት ምን እንዳደረጉላት የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። ስለዚህ «ካህኑ መድኃኒቱን ጣይ አላት» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ እንዲህ የሚል ሰው አይጠፋም፣ ይጻፍ፤ ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አስመስላችሁ አትጻፉት። በዚያው ግቢ «ውጪና መድኃኒትሽን ዋጪ» የሚል አባትም ይኑር።

የጠዳ ነርስ

አባቴ፣ በዚህ በጣም እስማማለሁ። አንድ ብቻ ልጨምር፦ ጠበልተኛ የሚያድርበት ቤት ጠባብ ነው፤ የሚያስል ሰው ካለ መስኮት መከፈት አለበት። ትዕይንቱ ውስጥ መስኮቱን ክፈቱት።

ሙሾ ሰብሳቢ

የሐዘኑን ክፍል በተመለከተ፣ ጸሐፊዎቻችን ከቀብር ማግሥት በቀጥታ ወደ «ከአንድ ዓመት በኋላ» ይዘላሉ። ሐዘን በእኛ ዘንድ ቀን የተቆጠረለት ነገር ነው፤ ሣልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። የምዕራፍ አወቃቀር ለምትቸገሩ ይኸው ተዘጋጅቶላችኋል። በየቀኑ የሚመጣው ሰው ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። በሣልስቱ ድንኳኑ ሙሉ ነው፤ እድሩ ወንበሩንና ድስቱን ሲመልስ ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ ከሠላሳ በኋላ የሚመጣው ማን እንደሆነ በጥንቃቄ ከጻፋችሁት ስለ ዝምድና ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ሙሾ ስታስገቡ የግጥሙን ቤት ጠብቁ። የለቅሶ ግጥም ሲወርድ የሚቀናው በየግማሽ መስመሩ ስድስት በስድስት ቀለም ነው፤ ትንፋሽ የሚወሰደው መሐል ላይ ነው። ለምሳሌ እንዲሆን አሁን የገጠምኩት፦

አልጋው ተነጠፈ፣ ውኃውም ተቀዳ፣
መድኃኒቱም መጣ፣ ባለቤቷ ሄዳ።

አስታማሚ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ብቻ ነው የጠራው፤ አልጋ፣ ውኃ፣ መድኃኒት። ረቂቆች ላይ የሚመጣው ሙሾ ግን «ጨለማ»፣ «አበባ»፣ «ኮከብ» ይበዛዋል። አልቃሽ የሟችን ሥራ፣ አካሄድ፣ ዕቃ፣ ያላለቀ ጉዳይ ትጠራለች፤ ሰው የሚያለቅሰው እሱ ሲጠራ ነው። ሌላው ጉዳይ፣ በለቅሶ ላይ በስልክ የተቀዳ ሙሾ ሳይጠየቅ መጽሐፍ ላይ አይወጣም። ያወረደችውን ሴትም የሟች ቤተሰብንም ጠይቁ፤ ስሟ እንዲጻፍ ትፈልግ እንደሆነም እንዲሁ።

አዲስ ዓለም ሠፈር

ሐዘን ሁሉ ሣልስትና አርባ እንዳይመስላችሁ። ጎንደር ውስጥ ያለን ሙስሊሞች ቀብራችን አይዘገይም፤ ሟች ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ የጀናዛ ሶላት ይሰገዳል፣ በዚያው ቀን መቅበር ከተቻለ ይቀበራል። ተዕዚያ (ለቅሶ መድረሻው) ሦስት ቀን ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ (እንደገና ሳታገባ የምትቆይበት ጊዜ) 4 ወር ከ10 ቀን ነው፤ ይህን የሚያውቅ ልብ ወለድ ብርቅ ነው። የከተማው ታሪክ ውስጥ ጎረቤታሞች አንዱ የሌላውን አስከሬን ይሸኛል፣ ድንኳን ይተክላል። ጎረቤት ገጸ ባሕርይ ሙስሊም ካደረጋችሁ በሐዘን ቤቱ የሚያደርገውን አጣሩ፤ ስሙን ብቻ «አሕመድ» ብሎ ማለፍ አይበቃም።

አርታኢ ዘማራኪ

ይህ ወርቅ ነው፤ አመሰግናለሁ ወንድሜ። ሕጉንስ የሚያውቅ?

ጠበቃ ዘአራዳ

በአጭሩ። የቅጂ መብት ሕጋችን አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በአዋጅ 872/2007 ተሻሽሏል። ሥራው ወጥ ከሆነና ተጽፎ ወይም ተቀርጾ ከተገኘ ጥበቃ ያገኛል፤ ምዝገባ ግዴታ አይደለም፣ ክርክር ሲመጣ ግን ማስረጃ ይሆናል። ጥበቃው ጸሐፊው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ይህ በእናንተ ላይም ይሠራል፤ የሟች ወንድማችሁን የሆስፒታል ማስታወሻ ደብተር ወይም ደብዳቤ ልታትሙ ከሆነ የደብዳቤው መብት የወራሾች ሁሉ ነው፤ ደብተሩ እጃችሁ ላይ መገኘቱ ብቻውን ፈቃድ አይደለም። ወራሾች በጽሑፍ ይስማሙ።

የጤና መረጃ የሰው ገመና ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ከሕጉም በፊት ግን ይሉኝታና ጎረቤት አለ። ስም መቀየር ብቻ አይበቃም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለት መንታ ልጆች ያሏት፣ ባሏ ሹፌር የሆነ፣ በስኳር እግሯ የተቆረጠ ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ «አልማዝ» ብትሏትም «ብርቱካን» ብትሏትም ሠፈሩ ያውቃታል። ከሥራ፣ ከልጆች ቁጥርና ፆታ፣ ከሠፈር፣ ከዓመተ ምሕረት፣ ከተጎዳው አካል ቢያንስ ሦስቱን ለውጡ። ሕመሙን ግን አትለውጡት፤ ሕመሙ ሲለወጥ ሕክምናው ሁሉ ይፋለሳል።

በስሙ የምትጽፉት ሰው ካለ የስምምነት ወረቀት ያዙ፦ የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ፣ ጽሑፉን እንዳነበበ ወይም እንደተነበበለት፣ በስሙ ይሁን በሌላ ስም፣ ፎቶ ይፈቀድ አይፈቀድ፣ በድምፅና በኤሌክትሮኒክ ሲወጣም ይመለከት እንደሆነ፣ እስከ መቼ ሐሳቡን መቀየር እንደሚችል። የመጨረሻው ቀን ፕሌት (ገጹ የሚታተምበት ሰሌዳ) ከመሠራቱ በፊት ይሁን። አልጋ ላይ ያለ ሕመምተኛ ፎቶ፣ ፈቅዶም ቢሆን፣ ሽፋን ላይ አይውጣ ባይ ነኝ።

ገጽ ቀማሪ አዘዞ

አሁን ወደ ወረቀቱ። ጥሩ መጽሐፍ የሚበላሽበት ቦታ ይህ ነው።

ለቀማ። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ፣ በድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች፣ የተለቀመ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወደ ትርጉም የለሽ ምልክት ይቀየራል። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር ወደሚያነበው የፊደል ሥርዓት) ይቀየር፤ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ የሚባለው የፊደል ቅርጽ ይበቃል። ከተቀየረ በኋላ ሙሉው ዳግም ይነበብ፤ ዲቃላ ፊደላት (ሟ፣ ቷ፣ ጓ) እና ቁጥሮች ይሳሳታሉ። አራት ነጥብን በሁለት ኮሎን የሚጽፉ አሉ፤ መስመሩ ሲሰበር አንዱ ኮሎን እዚህ፣ አንዱ እታች ይቀራል። በአንድ ፍለጋና መተካት ይስተካከል። ሕመም፣ ሐዘን፣ ሐኪም የሚሉት በአንድ ዓይነት ፊደል ይሂዱ፤ እነዚህን ቃላት የእናንተ መጽሐፍ በየገጹ ነው የሚጠራቸው።

ገጽ። መጠኑ ኤ5 (14.8 በ21 ሴንቲ ሜትር)፣ ፊደል 11.5 ወይም 12፣ ለአረጋውያን አንባቢ 13። በውስጥ በኩል ያለው ኅዳግ ከ20 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ በሙጫ የሚጠረዝ መጽሐፍ ውስጡን ይውጣል። ኦፍሴት (በፕሌት የሚያትም ማሽን) ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለቱም ገጽ 16 የኤ5 ገጽ ይይዛል። 180 ገጽ ካላችሁ ወይ ወደ 176 (11 ወረቀት) አሳጥሩ፣ ወይ 192 (12 ወረቀት) ይሆንና 12 ገጽ ባዶ ትከፍላላችሁ። ከመጠረዝ በፊት የሚከፈለው ገንዘብ በዚህ ይለያያል።

ወረቀት። ውስጡ በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን ይሁን። 60 ግራም ይቀላል፣ ይረክሳልም፤ ግን የጀርባው ገጽ ፊደል ፊት ለፊት ይታያል፣ ዓይኑ የደከመ ሰው አያነበውም። ሽፋኑ 250 ግራም፣ ላሚኔሽኑ (የላስቲክ ልባሱ) ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ። የሚያብረቀርቅ ላሚኔሽን ለሐዘን መጽሐፍ አይሆንም፤ ይህ የእኔ ምርጫ ነው፣ የጣት አሻራም ያሳያል። 176 ገጽ በ80 ግራም የጀርባው ውፍረት 9 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የሽፋን ዲዛይነሩ ይህን ቁጥር ካላወቀ ርእሱ ወደ ፊት ሽፋን ይንሸራተታል። በዙሪያው 3 ሚሊ ሜትር የሚቆረጥ ትርፍ ይጨመር።

ፋይል። ፒዲኤፍ፣ ፊደሉ ውስጡ የታሸገ፣ ጽሑፉ ጥቁር ብቻ። ከዎርድ የወጣው ጥቁር አንዳንዴ ከአራት ቀለም የተደባለቀ ይሆናል፤ ያኔ ፊደሉ ጥላ ይይዛል። ፎቶ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)።

ጥራዝ። ከሙጫው በኋላ ገጽ የሚረግፈው በሦስት ምክንያት ነው፦ የወረቀቱ ጅማት (ቃጫው የተኛበት አቅጣጫ) ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር ትይዩ ካልሆነ፣ ጀርባው ሳይፋቅ ሙጫ ከተቀባ፣ ሙጫው ሳይደርቅ ከተቆረጠ። ናሙናውን መሐል ላይ 180 ዲግሪ ገልጣችሁ ፈትኑት። ሲረከቡ ከየእሽጉ ጥቂት አውጥታችሁ የገጽ ቁጥሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዩ፤ የሚጎድል ሲጎድል ተከታታይ 16 ገጽ ነው፣ ወይም አንዱ 16 ሁለት ጊዜ ይገባል። ውላችሁ ላይ «የተበላሸ ይተካል» የሚል፣ የወረቀቱ ግራም፣ ብዛቱና የማስረከቢያው ቀን ይጻፍ፤ የፈረማችሁበትን ናሙናም አታስረክቡ።

አዲስ አበባ ካሳተማችሁ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንዱ መጽሐፍ 235 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 1000 ቅጂ ወደ 235 ኪሎ ነው። ክረምት ከሆነ ካርቶኑ በላስቲክ ይጠቅለል፤ የረጠበ ወረቀት ይጠማዘዛል፣ አይመለስም።

ጀማሪ ብዕር

መለያ ቁጥሩስ ከየት ነው?

ገጽ ቀማሪ አዘዞ

አይ ኤስ ቢ ኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) የሚሰጠው አዲስ አበባ ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ነው። 13 አኃዝ ነው። ለኅትመቱና ለኤሌክትሮኒኩ ቅጂ የተለያየ ቁጥር ያስፈልጋል። ሽፋኑ ከመጠናቀቁ በፊት አውጡት፤ ባርኮዱ ሽፋኑ ላይ ቦታ ይፈልጋል።

ፒያሳ መደርደሪያ

ስለ ብዛት ከአዘዞው ወንድሜ ጋር ትንሽ እለያለሁ። ምሳሌው በ1000 ነው፤ ለመጀመሪያ መጽሐፍ 500 ይበቃል። እርግጥ ነው፣ ፕሌቱ አንድ ጊዜ ስለሚከፈል ብዛት ሲጨምር የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ያልተሸጠ 500 ቅጂ ግን አልጋ ሥር የተቀመጠ ገንዘብ ነው፣ ቤቱም እርጥበት አለው። ሒሳቡን ስትሠሩ ለቀማን፣ አርትዖትን፣ ሽፋንን፣ ኅትመትን፣ ጭነትን ደምሩና ለማይሸጡትም ጭምር አስቡ፦ ከ500 ውስጥ ለስጦታ፣ ለወመዘክር፣ ለተበላሸ 50 ቅጂ ይወጣል። ስለዚህ ወጪው ለ450 ይካፈል። አከፋፋይ ከሽፋኑ ዋጋ ለምሳሌ 35 በመቶ ቢወስድ፣ 300 ብር ካለው መጽሐፍ እጃችሁ የሚገባው 195 ነው። አንዱ ቅጂ ያስወጣችሁ ከዚህ በላይ ከሆነ የሽፋኑ ዋጋ ከመታተሙ በፊት ይስተካከል፤ ስርዝ ድልዝ ያለበት ዋጋ ገዢን ያሸሻል።

ወቅት። ጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ ሁሉም ምረቃውን ለጥር ያደርጋል። የማስታመም መጽሐፍ በጭፈራ መሐል አይሰማም። መስከረም 30 የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ነው፤ የካንሰር ቀን ጥር 27 አካባቢ ይውላል። ጤና ላይ ያሉ ሰዎች በእነዚያ ቀናት ይሰበሰባሉ፣ መጽሐፉም ጆሮ ያገኛል። እድሮችንም አትርሱ፤ በወርኃዊ ስብሰባቸው 10 ደቂቃ ጠይቃችሁ አንድ ገጽ አንብቡ። ገዢው እዚያ ነው ያለው፤ አስታምሞ የቀበረ ሰው የሌለበት እድር የለም።

ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፉ እንዳይሰራጭ ሙሉውን ፋይል ከማተሚያ ቤቱ በቀር ለማንም አትላኩ። ለአስተያየት የምትሰጡት ቅጂ የታተመ ወረቀት ይሁን፤ ወይም በየገጹ የአንባቢው ስም ደብዘዝ ብሎ የታተመበት።

ሙሾ ሰብሳቢ

ለዓይነ ስውራንና ማንበብ ለማይችሉ አስታማሚዎች በድምፅም ይውጣ። አልጋ አጠገብ ቁጭ ያለ ሰው እጁ ሥራ ላይ ነው፣ ጆሮው ግን ነፃ ነው።

ጀማሪ ብዕር

ቅድመ አንባቢ ስንት ይበቃል? «ይህ መጽሐፍ የሐኪም ምክር አይተካም» የሚለውስ የት ይገባል?

አርታኢ ዘማራኪ

ሦስት ዓይነት ሰው ነው የሚያስፈልግህ። አንድ የዚያ ሕመም ባለሙያ፤ «ቆንጆ ነው?» ብለህ አትጠይቀው፣ «ይህን ያነበበ ሰው ቤቱ ሄዶ ቢያደርገው ማን ይጎዳል?» ብለህ ጠይቀው። የሕክምናውን ገጾች ብቻ ለይተህ ስጠው፤ 200 ገጽ ከሰጠኸው ሥራ ስለሚበዛበት አይመልስልህም። ሁለተኛ፣ ያን ሕመም ያስታመመ ሰው። እሱን «የት ላይ ውሸት ሸተተህ?» በለው። ሐዘኑ ትኩስ ከሆነ ግን አትስጠው፤ ሙት ዓመቱ ይለፍ። ሦስተኛ፣ ስለ ሕመሙ ምንም የማያውቅ ጎበዝ አንባቢ፤ መጽሐፉን ያስቀመጠበትን ገጽ ምልክት ያድርግልህ። ሦስቱ በተመሳሳይ ገጽ ላይ ካቆሙ ያ ገጽ ይፈርሳል።

ማሳሰቢያው ከመብት ገጹ ጋር፣ ከርእሱ ገጽ ጀርባ ይግባ፤ ሁለት መስመር፣ ከሌላው ጽሑፍ በማያንስ ፊደል። የትኛው ክፍል በባለሙያ እንደታየና በየትኛው ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ጨምርበት፤ ሕክምና ይለወጣልና ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያነብ ሰው ማወቅ አለበት። የባለሙያውን ስም በፈቃዱ ብቻ ጻፍ። ከላይ ያለው ምሳሌ በነርሷ አስተያየት ሲታረም እንዲህ ይነበባል፤ ያን ክፍል የምትጠቀሙበት ካላችሁ ይህን ውሰዱ፦

«ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። የእናቷን ሩቁን ጉልበት አጥፋ፣ አንድ እጇን ከትከሻዋ፣ ሌላውን ከዳሌዋ ኋላ አድርጋ ወደ ራሷ አዞረቻት፤ ደረቷ ላይ ደገፈቻት። በጉልበቶቿ መሐል የታጠፈ ጋቢ አስገባች። ከመቀመጫዋ ከፍ ብሎ ከሌላው ገላዋ የጠቆረ ቦታ አየች። የእጇን ጀርባ አስጠጋች። ይሞቃል።»

የጠዳ ነርስ

አሁን ትክክል ነው። «ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና አየችው» የሚል አንድ መስመር ጨምርበት፤ ከዚያ ቦታ ጫናው ከተነሣ በኋላ ጥቁረቱ ይለቅ አይለቅ የሚታወቀው ያኔ ነው። ካልለቀቀ በቀጣዩ ገጽ ልጅቱ ጤና ጣቢያ ትሂድ።